ሕግ ካዛንቺስ እስኪደርስ

ካዛንቺስ የመንግሥት ውሳኔ የወለዳት ሰፈር ናት። ስሟ እንኳ የመጣው ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋም ምህጻር ነው። በ1967 አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ የከተማ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ ከነዋሪዋ ብዙው የቀበሌ ቤት ተከራይ ሆነ። በ2017 መጀመሪያ ደግሞ የኮሪደር ልማት ሰፈሩን አፈረሰው፤ ከተነሺዎቹ ብዙዎች ወደ ገላን ጉራ ተዛወሩ። ሆኖም ስለ ሦስቱ የመንግሥት አካላት ሥልጣን ስናወራ አብዛኛውን ጊዜ ዓይናችን አራት ኪሎ ላይ ይቀራል። የሥልጣን ክፍፍሉ ጥንካሬ የሚለካው ግን ሕጉ ከአራት ኪሎ ወርዶ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ያለ ሰው ደጃፍ ሲደርስ ነው። ያን ጊዜ በሰውየው እጅ ያለው ወረቀት አዋጅ ሳይሆን በአስፈጻሚው የተጻፈ መመሪያ ነው።

ሕጉ የሚሄድበት መንገድ በአጭሩ ይህ ነው። ረቂቁን አብዛኛውን ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት ያዘጋጃል፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ተወያይቶበት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይልከዋል፤ ቋሚ ኮሚቴ ይመረምረዋል፤ ከጸደቀ በኋላ ለፕሬዚዳንቱ ይቀርባል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርም እንኳ አዋጁ ሥራ ላይ ይውላል። በአንጻሩ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ረቂቁን አልቀበልም ብሎ ሊመልስ ይችላል፤ ኮንግረሱ ያንን የሚሽረው በሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲያገኝ ነው። እዚያ ሁለቱ አካላት የተለያየ ምርጫ ያላቸው ባላንጣዎች ሲሆኑ፣ እኛ ዘንድ ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚወጣው ከምክር ቤቱ አብላጫ ነው። በ2002 ምርጫ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን፣ በ2007 ደግሞ ሁሉንም ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ መያዛቸውን ለሚያስታውስ፣ አስፈጻሚውን ተቆጣጠር የሚለው የሕገ መንግሥት አደራ ምን ያህል እንደሚከብድ ማስረዳት አያስፈልግም።

አዋጁ ከወጣ በኋላ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ፣ መሥሪያ ቤቱ ወይም ከተማ አስተዳደሩ መመሪያ ያወጣል። የመሬት ይዞታ ማስለቀቅን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስለ ካሳ፣ ስለ መልሶ ማቋቋም፣ ስለ አቤቱታ ሰሚ አካልና ስለ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ይደነግጋል። ነገር ግን የቀበሌ ቤት ተከራይ ምን ዓይነት ምትክ ቤት፣ የትና በምን ቅድመ ሁኔታ ያገኛል የሚለውን የሚወስነው በአብዛኛው ከታች ያለው ዝርዝር ነው። በ2012 የወጣው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ይህ ዝርዝር ያለ ቁጥጥር የሚወጣበትን ክፍተት ለመሙላት የታሰበ ቢሆንም ከሚገባው በላይ ተዘንግቷል። መመሪያ ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥበት፣ ከጸደቀም ተመዝግቦ እንዲታተም ያዛል፤ የአዲስ አበባ አስተዳደርንም ይመለከታል፤ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትም የክለሳ ሥልጣን ይሰጣል።

ሕገ መንግሥት የመተርጎም ሥልጣን የፍርድ ቤት ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ስለሆነ ዳኛው እጁ ታስሯል የሚል ክርክር ይነሳል። ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው። የተነሺ አቤቱታ ግን ብዙ ጊዜ ሕገ መንግሥት ይተርጎምልኝ የሚል አይደለም፤ መመሪያው ከአዋጁ ጋር ይስማማል ወይ፣ ካሳው በአግባቡ ተሰልቷል ወይ የሚል ነው፤ ይህ ደግሞ የማንኛውም ዳኛ የዕለት ሥራ ነው። ዳኛው ይህን ከመረመረ ልማት ይዘገያል ለሚሉም ከራሷ ከአሜሪካ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 በኬሎ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የግለሰብን ቤት ለኢኮኖሚ ልማት ማስለቀቅ ይቻላል ብሎ በ5 ለ4 ድምፅ ሲወስን፣ ነዋሪውን ለመከላከል የተነሱት የየክፍለ ግዛቱ ሕግ አውጪዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ሥልጣኑን የሚገድብ ሕግ አወጡ። እንግዲህ ከካዛንቺስ ተነሺዎች ጥያቄ ሊቀርብላቸው የሚገባው የከተማው ምክር ቤትና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ናቸው፦ ሰፈሩ ሲፈርስ ይሠራበት የነበረው መመሪያ አስቀድሞ ለአስተያየት ቀርቦ፣ ተመዝግቦና ታትሞ ነበር ወይ?