ፉል ፍሬም በ1,299 ዶላር፦ ምኑ ተቀንሶ?

ካነን ኢኦኤስ አርፒ የተባለውን ካሜራ እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ላይ ሲያስተዋውቅ ያለ ሌንስ 1,299 ዶላር ጠየቀበት። ይኸው ኩባንያ በ2002 ያወጣው የመጀመሪያው ፉል ፍሬም ዲጂታል ካሜራ፣ ዋን ዲኤስ፣ ዋጋው 8,000 ዶላር ገደማ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ የመጣውና ዋጋው ቀለል አለ የተባለለት ፋይቭ ዲ እንኳ 3,299 ዶላር ይሸጥ ነበር። ዋጋው ይህን ያህል የወረደው በምን ምክንያት ነው? ከዋጋው ጋር አብሮ የወረደውስ ምንድን ነው? መልሱ የሚጀምረው ከሴንሰሩ ነው።

ሴንሰር ሌንሱ የሚያሳልፈውን ብርሃን ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ የሲሊከን ገበታ ነው። ፉል ፍሬም የሚባለው 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነው ነው። ልኩ የፊልም ዘመን ውርስ ሲሆን፣ የሲኒማ ፊልምን ወደ ጎን እያስኬደ በዚህ ስፋት ፎቶ ማንሳትን በሰፊው ያስለመደው በ1925 ለገበያ የቀረበው የጀርመኑ ላይካ ነው። አብዛኞቹ መለስተኛ ካሜራዎች የሚይዙት ከዚህ ያነሰውን ኤፒኤስ-ሲ ነው፤ ፎቶ አንሺዎች በአጭሩ ክሮፕ ይሉታል። የካነን ክሮፕ 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር ነው። ስፋታቸው ሲሰላ አንዱ 864፣ ሌላው 332 ካሬ ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ትልቁ የትንሹን 2.6 እጥፍ ነው ማለት ነው።

የማምረቻው ዋጋ ግን ከ2.6 እጥፍ በላይ ይርቃል። ሴንሰሮች በአንድ ክብ የሲሊከን ዝርግ ላይ ብዙ ሆነው ከታተሙ በኋላ ተቆርጠው ይለያያሉ። ዝርጉ ላይ እንከን ያረፈበት ሴንሰር ይጣላል። ለምሳሌ ያህል ከአንድ ዝርግ 200 ክሮፕ ሴንሰር ይወጣል፣ አሥር ቦታም እንከን አለ እንበል። የሚጣለው ቢበዛ አሥር ነው፤ 190 ይተርፋል። ከዚያው ዝርግ የሚወጣው ፉል ፍሬም 75 ቢሆንና አሥሩ ቢጣሉ የሚተርፈው 65 ብቻ ነው። በዚህ ላይ የማተሚያ ማሽኑ ገደብ አለ፦ የቺፕ ማተሚያ ማሽን በአንድ ጊዜ ሊያትም የሚችለው ትልቁ ስፋት በተለምዶ 26 በ33 ሚሊ ሜትር ነው። 36 ሚሊ ሜትር የሚረዝመው ሴንሰር ስለማይገባበት በዚህ ዓይነቱ ማሽን ከአንድ ጊዜ በላይ ታትሞ በጥንቃቄ መጋጠም አለበት። ተጨማሪው ሥራና ጊዜ ሁሉ ዋጋው ላይ ይታከላል።

ኩባንያው ይህን ወጪ የሚያካክሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው መስታወቱን ማስወገድ ነው። በቀድሞው ዲኤስኤልአር ካሜራ ውስጥ ከሌንሱ የገባውን ብርሃን ወደ ማያው የሚያንጸባርቅ፣ ፎቶ ሲነሳ ደግሞ ብድግ የሚል መስታወት ነበር። መስታወቱ፣ ከላዩ ያለው የብርጭቆ ፕሪዝምና የሚያነሳው ሞተር ሁሉ በትክክል መገጣጠም ይፈልጋሉ። ሚረርለስ፣ ማለትም መስታወት አልባው፣ ይህን ሁሉ በትንሽ ኤሌክትሮኒክ ስክሪን ተካው። አርፒ ከነባትሪውና ከነካርዱ 485 ግራም ብቻ የሚመዝነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ወጪው አስቀድሞ በሌላ ካሜራ የተመለሰ ክፍልን እንደገና መጠቀም ነው። የአርፒ 26.2 ሜጋፒክስል ሴንሰር በ2017 የወጣው ሲክስ ዲ ማርክ ቱ የያዘው ዓይነት ነው። ባትሪው ከካነን መለስተኛ ካሜራዎች የተወሰደው ትንሹ ኤልፒ-ኢ17 ሲሆን፣ በመደበኛው የባትሪ መለኪያ በአንድ ሙሌት 250 ፎቶ ገደማ ያስነሳል። ካርድ የሚገባበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። የእጅን መንቀጥቀጥ ለማካካስ ሴንሰሩን የሚያንቀሳቅሰው ዘዴም የለውም።

ከእነዚህ ሁሉ ረዘም ያለ ማብራሪያ የሚፈልገው የሴንሰሩ ዕድሜ ነው። ከሴንሰሩ የሚወጣው ምልክት ወደ ቁጥር መለወጥ አለበት። አዳዲስ ሴንሰሮች ይህን የሚሠሩት እዚያው ቺፑ ላይ ነው። በዚህኛው ግን ምልክቱ ወደ ሌላ ቺፕ ተጉዞ ነው የሚለወጠው፤ በመንገዱ ላይ የኤሌክትሪክ ረብሻ ይጨመርበታል። ረብሻው ፎቶው ላይ ኖይዝ ሆኖ፣ ማለትም ጨለም ያለው ክፍል ላይ እንደ ሻካራ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። የሚገርመው በዝቅተኛ አይኤስኦ፣ ማለትም በዝቅተኛ የብርሃን ትብነት ልክ፣ የሚጎላ መሆኑ ነው። አይኤስኦ ከፍ ሲደረግ ምልክቱ ጉዞውን ሳይጀምር ስለሚጎላ የመንገዱ ረብሻ ከእሱ አንጻር ያንሳል፤ በ100 አይኤስኦ ግን ደካማው ምልክት እንዳለ ይጓዛል። ስለዚህ ይህ ካሜራ ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ከዘመዶቹ እምብዛም ሳያንስ፣ በጠራራ ፀሐይ ከዛፍ ጥላ ሥር የቆመን ሰው ፊት በኮምፒውተር ለማፍካት ሲሞከር ይሸነፋል።

ቪዲዮውም ከዚሁ የተያያዘ ነው። ሴንሰሩ መረጃውን የሚያስረክበው ቀስ ብሎ በመሆኑ አርፒ 4ኬ ሲቀርጽ መካከለኛውን ክፍል ብቻ ነው የሚጠቀመው፤ 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ የ38 ያህል ይጠባል። በ4ኬ ላይ የካነን መታወቂያ የሆነው ፈጣን አውቶፎከስም አይሠራም። ለ4ኬ ቪዲዮ ብሎ የገዛ ሰው የፉል ፍሬም ገንዘብ ከፍሎ የክሮፕ ምስል ይዞ ይሄዳል።

እስካሁን የታየው የካሜራው አካል ነው። የግዢው ክብደት ያለው ግን ሌንሱ ላይ ይመስለኛል፤ ማስታወቂያዎች በብዛት የሚዘሉትም ይህንኑ ነው። የሌንስ ኤፍ ቁጥር የሚገኘው የሌንሱ የትኩረት ርዝመት ለብርሃን ቀዳዳው ስፋት ሲካፈል ነው። ሁለት ካሜራዎች ከአንድ ቦታ አንድ ዓይነት ትዕይንት ሲያነሱ፣ በአንድ ዓይነት የሻተር ፍጥነት የሚሰበስቡትን ጠቅላላ ብርሃን የሚወስነው የዚህ ቀዳዳ ስፋት ነው። ትልቅ ሴንሰር የሚጠቅመው ሰፊ ቀዳዳ ያለው ሌንስ ሲገጠምለት ነው።

በ399 ዶላር የወጣውን 24-105 ኤፍ 4-7.1 ሌንስ እንውሰድ። በረጅሙ ጫፍ 105 ለ7.1 ሲካፈል ቀዳዳው 15 ሚሊ ሜትር አይሞላም። በክሮፕ ካሜራ ላይ የሚገጠመው የካነን 17-55 ኤፍ 2.8 ደግሞ በረጅሙ ጫፉ ወደ 20 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ቀዳዳ አለው። ይህ ጫፍ በፉል ፍሬም ቢሰላ የ88 ሚሊ ሜትር እይታ ነው፤ በዚያው እይታ ላይ የፉል ፍሬሙ ርካሽ ሌንስ ከ15 አያልፍም። ትንሹ ሴንሰር የበለጠ ብርሃን ሰበሰበ ማለት ነው። ለሴንሰሩ ስፋት የተከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ በሌንሱ በኩል ፈሰሰ።

አሁን በ2020 በ199 ዶላር የወጣውን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 እንግጠም። ቀዳዳው 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ክሮፕ ካሜራ ይህንኑ እይታ ከዚሁ ቀዳዳ ጋር እንዲያገኝ 31 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.1 ሌንስ ይፈልጋል፤ በዚህ ዋጋ አውቶፎከስ ያለው እንዲህ ያለ ሌንስ አይገኝም። ከበስተኋላ ያለው ነገር ምን ያህል እንደሚደበዝዝም የሚወስነው ይኸው ቀዳዳ ስለሆነ፣ ብዙዎች የፉል ፍሬም መልክ የሚሉት የፊት ፎቶ ከዚህ ርካሽ ሌንስ ይገኛል፤ ውድ ከሚመስለው ዙም አይገኝም።

ፈጣን ዙም የፈለገ ሰው ሒሳቡ ይለወጥበታል። አርፒ ለሚጠቀመው የአርኤፍ ሌንስ ማያያዣ በ2018 የወጣው 28-70 ኤፍ 2 ሲታወጅ 2,999 ዶላር ነበር፤ ክብደቱም 1,430 ግራም ሲሆን ካሜራውን ሦስት እጥፍ ያህል ያስከነዳል። ካነን ሌሎች ኩባንያዎች ለዚህ ማያያዣ አውቶፎከስ ሌንስ እንዳይሠሩ ለረጅም ጊዜ ዘግቶ ቆይቶ፣ በ2024 ሲፈቅድም የጀመረው በክሮፕ ሌንሶች ነው።

መውጫው ለካነን ባለመስታወት ካሜራዎች የተሠራው የድሮው ኢኤፍ ሌንስ ነው። በዲኤስኤልአሩ ውስጥ መስታወቱ እንዲንቀሳቀስ ሌንሱ ከሴንሰሩ 44 ሚሊ ሜትር መራቅ ነበረበት። በአርኤፍ ርቀቱ 20 ነው። የሁለቱ ልዩነት፣ 24 ሚሊ ሜትር፣ ባዶ ቀለበት የሚገባበት ቦታ ነው። ካነን ይህን አዳፕተር በ99 ዶላር ገደማ አወጣው። ውስጡ የሌንስ ብርጭቆ ስለሌለ የምስሉን ጥራት አይነካም፤ የኤሌክትሪክ ንክኪው ስለሚያልፍም አውቶፎከሱ ይሠራል። ከ1987 ጀምሮ የተመረተ የኢኤፍ ሌንስ በሙሉ በር ተከፈተለት።

ይህ ነጥብ ለአዲስ አበባ ገዢ የተለየ ክብደት አለው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። የካሜራው ዋጋ በዶላር ባይጨምርም በባንኩ ተመን ሲሰላ በብር እጥፍ ያህል ሆነ፤ የሌንሱም እንዲሁ። በእጁ የኢኤፍ ሌንሶች ያሉት ፎቶ አንሺ አካሉንና አዳፕተሩን ብቻ ይገዛል። ከባዶ የሚጀምረው ሰው ግን አካሉን የዋጋው ግማሽ አድርጎ ቢቆጥረው ይሻላል።

ለሠርግ ሥራ ሌላ ሚዛን ይገባል። ፍላሽ በማይፈቀድበት የተክሊል ሥነ ሥርዓት ትልቁ ሴንሰር ከሰፊ ሌንስ ጋር ዋጋውን ይከፍላል። ካርዱ አንድ መሆኑ ግን አደጋ ነው፤ ቢበላሽ መጠባበቂያ የለም፣ ተክሊልም ለፎቶ ተብሎ አይደገምም። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2020 በ1,399 ዶላር ያወጣው ዜድ 5 ሁለት ካርድ ይይዛል፣ መንቀጥቀጥን በሴንሰሩ ያካክሳል፣ ባትሪውም ትልቅ ነው። ክብደቱ 675 ግራም ነው። ተከፍሎት ለሚያነሳ ባለሙያ በመውጫ ዋጋቸው መካከል ያለው የ100 ዶላር ልዩነት ብዙ የሚያከራክር አይመስለኝም፤ ቀድሞ የካነን ሌንስ ካልሰበሰበ በቀር። ለጉዞ፣ ለቤተሰብና ለፊት ፎቶ ግን ቀላሉ አርፒ ከ50 ሚሊ ሜትሩ ጋር በጣም በቂ ነው።

ካነን በ2023 በ1,499 ዶላር ያወጣው አር 8 ሴንሰሩን ከውዱ አር 6 ማርክ ቱ ወስዷል፤ 4ኬውም ሙሉውን ስፋት ይጠቀማል። ባትሪው ያው ትንሹ ኤልፒ-ኢ17፣ ካርዱም ያው አንድ ነው። ያገለገለ አርፒ ሲገዛ ድርድሩ ከዚህ ይነሳል፦ ሻጩ የሚጠይቀው ከአዲሱ አር 8 ዋጋ ብዙ ካልራቀ ያረጀውን ሴንሰር መግዛት አያዋጣም፤ በግማሹ ከተገኘ ግን የተረፈው ገንዘብ አንድ ጥሩ ሌንስ ይገዛል።