የፊንጫ ውኃና የዓሣው ኑሮ

በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ የሚገኘው የፊንጫ ሐይቅ ተፈጥሮ የሠራችው አይደለም። በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ለኤሌክትሪክ ኀይል የተሠራው ግድብ የጮመንን ረግረግ በዋጠው ጊዜ የተገኘ ነው። ዛሬ ቆሮሶና አምባዛ ይሠገሩበታል። ሆኖም ውኃ የተጠራቀመበት ስፍራ ሁሉ ዓሣ አያፈራም፤ የዓሣው ብዛትና ጤንነት በውኃው ጥራት የሚወሰን ነውና ይህን ነገር ለአንባቢዎቻችን በጥቂቱ ለመግለጽ እንወዳለን።

ዓሣ እንደ እኛው ኦክሲጅን ያስፈልገዋል፤ የሚያገኘውም በውኃ ውስጥ ከሟሟው ነው። ሙቀቱ 20 ዲግሪ በሆነ ውኃ፣ በባሕር ጠለል ላይ፣ በአንድ ሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ይሟሟል። ፊንጫ ግን 2200 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ሳስቶ መጠኑ ወደ 7 ይወርዳል፤ እንግዲህ የሚባክን ትርፍ የለውም። ከ3 በታች ሲሆን አብዛኛው ዓሣ ይጨነቃል፤ መብላቱን ይተዋል፤ እድገቱም ይገታል።

ይህን ኦክሲጅን የሚያሳጣው ምንድን ነው? ከበረት፣ ከመጸዳጃና ከእርሻ ማዳበሪያ የተረፈው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ በዝናብ ታጥቦ ሐይቅ ሲገባ በመጀመሪያ የሚጠቅም ይመስላል፤ የቆሮሶ ምግብ የሆነው ደቃቅ አልጌ ይበዛልና። ከልክ ሲያልፍ ግን አልጌው ራሱ ሌሊቱን ኦክሲጅኑን ይወስዳል፤ በሞተም ጊዜ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች የቀረውን ይጨርሱታል። በንጋት ዓሣ ወደ ውኃው ገጽ ወጥቶ አፉን ሲከፍትና ሲገጥም የሚታየው ስለዚህ ነው። አምባዛ ከአየር ሊተነፍስ ስለሚችል ይቋቋመዋል፤ ቆሮሶ ጠፍቶ አምባዛ ብቻ የቀረበት ውኃም ሊያጠራጥረን ይገባል።

ከታረሰ ተዳፋት የሚታጠበው ቀይ አፈርም ብርሃን ይከለክላል፤ ወንዱ ቆሮሶ ለርባታ በዳርቻ የሚቆፍረውንም ጎድጓዳ ይደፍናል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ መበተን ነው። የአባቶች ዘዴ ነው ቢባልም፣ በፍሬው ያለው ሮተኖን የተባለ መርዝ የዓሣው ሰውነት በኦክሲጅን እንዳይጠቀም ያግዳል፤ ትልቁን ከጫጩቱም አይለይም። እንደዚህ ሞቶ የተንሳፈፈ ዓሣ ለምግብ አይነሣ።

በዳርቻ መጸዳዳት ዓሣውን ብቻ ሳይሆን አሥጋሪውንም ይጎዳል። የቢልሃርዝያ እንቁላል ከዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ ውኃ ውስጥ ይፈለፈላል፤ በቀንድ አውጣ ውስጥ ከተራባ በኋላም ውኃ ውስጥ በቆመ ሰው ቆዳ በኩል ይገባል።

መምህራን የውኃውን ጥራት ያለ ውድ መሣሪያ ሊለኩ ይችላሉ። ስፋቱ 20 ሳንቲሜትር የሆነ ክብ ቆርቆሮ ነጭና ጥቁር ቀብተው፣ ድንጋይ አስረውበት፣ በእኩለ ቀን ከጀልባ ላይ በገመድ ያውርዱት፤ ከዓይን የተሰወረበትንም ጥልቀት ይመዝግቡ። በየዓመቱ በአንድ ወር ተለክቶ ጥልቀቱ እያነሰ ከሄደ አፈሩ ወይም አልጌው ጨምሯል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነም የውኃው መልክ፣ መቅላቱ ወይም መለምለሙ፣ ያመለክታል።