«ከፍታ»፣ «ግፊት» እና «እፍግታ»፦ ስለ ታንከር መለኪያ ቃላት አመራረጥ

በኢንዱስትሪ ሥራ ውኃ፣ ነዳጅ፣ አሲድና ሌሎችም ፈሳሾች በትልልቅ ታንከሮች ይከማቻሉ። ፈሳሹ የት እንደ ደረሰ በዓይን ማየት በማይቻልበት ጊዜ ከታንከሩ ግርጌ በሚተከል የግፊት መሣሪያ ማወቅ የተለመደ ነው። የዚህን መሣሪያ መመሪያ ወደ ዐማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ከፍታን፣ ይዘትን፣ ግፊትንና እፍግታን ለይቶ መያዝ ይኖርበታል። እነዚህ ከተቀላቀሉ፣ የመመሪያው ሰዋስው የተስተካከለ ቢሆንም እንኳ ሠራተኛውን ያሳስታል።

አስቀድመን አሠራሩን እንመልከት። የረጋ ፈሳሽ በሥሩ ባለው ነገር ላይ ይጫናል። የግፊቱን መጠን የሚወስኑት የፈሳሹ እፍግታ፣ የመሬት ስበትና ከመሣሪያው በላይ ያለው የፈሳሽ ቁመት ናቸው፤ የታንከሩ ስፋት ለውጥ አያመጣም። አንድ ሜትር ውኃ 9.8 ኪሎፓስካል ያህል ግፊት ይሰጣል። እንግዲህ መሣሪያው የሚለካው ግፊትን ነው፤ ከፍታው የሚገኘው በስሌት ነው።

ሀ. «ከፍታ»። ለዚህ ጽንሰ ሐሳብ «ልክ»፣ «ደረጃ» እና «መጠን» የሚሉት ቃላት ሊታሰቡ ይችላሉ። ነገር ግን ግንበኞች «ውኃ ልክ» የሚሉት የአግድም መስተካከልን የሚያሳየውን መሣሪያ ነው። «ደረጃ» ማዕረግንና የጥራት መስፈርትን ያስታውሳል። «መጠን» ደግሞ ከፍታንና ይዘትን አይለይም፤ ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም። በጎኑ በተጋደመ ድብልብል ታንከር ውስጥ ፈሳሹ እስከ ሩብ ከፍታ ቢደርስ፣ ይዘቱ የሙሉው 20 በመቶ ያህል እንጂ 25 በመቶ አይሆንም። ስለዚህ «የፈሳሽ ከፍታ» የሚለውን እንመርጣለን።

ለ. «ግፊት»። ይህ ቃል ያለ ቅጽል ብቻውን ሲቆም አደጋ አለው። ከባዶ ቦታ ተነሥቶ የሚቈጠረው ግፊት አንድ ነው፤ ከከባቢ አየር ግፊት ተነሥቶ የሚቈጠረው ሌላ ነው። ለአብነት የታቦር ተራራ የሚገኝባትን ሐዋሳን እንውሰድ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል፣ የአየሩ ግፊት 82.5 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ በባሕር ወለል ላይ ግን 101.3 ነው። መሣሪያው ከባዶ ቦታ የሚቈጥር ሆኖ ሳለ ሠራተኛው ከንባቡ ላይ የባሕር ወለሉን ቍጥር ቢቀንስ፣ የውኃው ከፍታ ከእውነተኛው በ1.9 ሜትር ያህል ያንሳል። ታንከሩ ሞልቶ ሳለ የጎደለ ይመስላል፤ መሙላቱ ይቀጥላል፤ መጨረሻውም መፍሰስ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው «ፍጹም ግፊት»፣ ሁለተኛው «አንጻራዊ ግፊት» ቢባል ይሻላል። ለሁለተኛው «ትርፍ ግፊት» የሚለውም ሊታሰብ ይችል ነበር፤ ሆኖም ንባቡ ከአየር ግፊት በታች በሚወርድበት ጊዜ ቃሉ ከትርጕሙ ጋር ይጋጫል።

ሐ. «እፍግታ»። ቃሉ «ታፈገ» ከሚለው ግሥ ጋር የተዛመደ ስለሆነ፣ በአንድ ይዘት ውስጥ የታጨቀን ቁስ በሚገባ ይገልጻል። «ክብደት» ብሎ መተርጐም ግን ስሕተት ነው። በዚያው በሐዋሳ ታቦር በሚል ስም የሚታወቅ የሴራሚክ ፋብሪካ ተቋቁሟል። በሴራሚክ ሥራ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ የሚፈሰው የተበጠበጠ ሸክላ፣ አንዱ ሊትር 1.75 ኪሎ ግራም ያህል ሊመዝን ይችላል። ለውኃ በተስተካከለ መሣሪያ ቢለካ፣ የሦስት ሜትሩ ሸክላ 5.25 ሜትር ሆኖ ይነበባል። መመሪያው «የፈሳሹን እፍግታ አስገባ» በሚልበት ቦታ ተርጓሚው «ክብደቱን አስገባ» ቢል፣ ሠራተኛው በታንከሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ እንዲመዝን የታዘዘ ይመስለዋል።

መ. «የግፊት ልዩነት»። በተዘጋ ታንከር ውስጥ ከፈሳሹ በላይ የታመቀው ጋዝም ይጫናል። በዚህ ጊዜ ከላይና ከታች ያሉት ግፊቶች ተለክተው ይቀናነሳሉ፤ ከፍታው የሚሰላው ከልዩነቱ ነው። «ልዩ ግፊት» የሚለው አተረጓጐም ግን የግፊቱን እንግዳነት እንጂ መቀናነስን ስለማያሳይ ቢቀር ይሻላል።

ከዚህ በላይ ከተዘረዘረው የሚከተሉትን ስያሜዎች ለውይይት እናቀርባለን፦

የፈሳሽ ከፍታ፦ ከተወሰነ መነሻ እስከ ፈሳሹ ገጽ ያለው ርቀት።
ይዘት፦ ፈሳሹ የያዘው ቦታ።
ፍጹም ግፊት፦ ከባዶ ቦታ ተነሥቶ የሚቈጠር ግፊት።
አንጻራዊ ግፊት፦ ከከባቢ አየር ግፊት ተነሥቶ የሚቈጠር ግፊት።
የግፊት ልዩነት፦ በሁለት ነጥቦች ላይ ያሉ ግፊቶች ብልጫ።
እፍግታ፦ በአንድ መስፈሪያ ይዘት ውስጥ ያለ መጠነ ቁስ።

ተርጓሚዎች እነዚህን ቃላት በአንድ መመሪያ ውስጥ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሳይለዋውጡ እንዲጠቀሙባቸው እናሳስባለን። በድርሰት ቃልን መለዋወጥ የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ በመለኪያ ጽሑፍ ግን ሁለት ስም ያለው አንድ ነገር እንደ ሁለት ነገር ይቈጠራል።