ያውቁ ኖሯል? አሮጌውና አዲሱ ግራፊክስ ካርድ

ግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም በኮምፒውተር ስክሪን ላይ የሚታየውን ምስል የሚያሰላው ክፍል፣ አቅሙ በዕድሜው ብቻ አይለካም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1080 ቲአይ እና በ2021 የወጣው አርቲኤክስ 3060 እያንዳንዳቸው 3,584 ኮሮች፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚያሰሉ ጥቃቅን ክፍሎች፣ አሏቸው፤ በብዙ ጨዋታዎች ላይ የሚያሳዩት ፍጥነትም ተቀራራቢ ነው። እንዲያውም ከሜሞሪው መረጃ በማመላለስ ረገድ አሮጌው በሰከንድ 484፣ አዲሱ 360 ጊጋባይት ስለሚያስተላልፉ ብልጫው የአሮጌው ነው። ሰፊው ልዩነት የሚታየው በፍጆታቸው ሲሆን፣ የፊተኛው እስከ 250 ዋት ሲወስድ ለኋለኛው 170 ዋት ይበቃዋል።

ካርዱ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ፣ ይህ የ80 ዋት ልዩነት እንደ ኩርሙክና ታላቁ የሕዳሴ ግድብ እንደሚገኝበት ጉባ ባሉ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቆላማ ወረዳዎች ከቆጣሪ ሒሳብም በላይ ያሳስባል፤ የክፍሉ አየር ሲግል ፋኑ ካርዱን ማብረድ ይሳነዋል፣ ካርዱም ራሱን ከጉዳት ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ በአሶሳ ያገለገለ ካርድ ለቪዲዮ ቅንብር ወይም ለሕንፃ ንድፍ የሚገዛ ባለሙያ፣ ከሞዴሉ ስም አስቀድሞ የዋት መጠኑንና የኮምፒውተሩን ፓወር ሳፕላይ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያቀርበውን ክፍል፣ አቅም ሊያጣራ ይገባዋል፤ አምራቹ ለአሮጌው 600፣ ለአዲሱ 550 ዋት ፓወር ሳፕላይ ይመክራል።