ቀይ ስር በልጣጩ ሲጠበስ

የጾም ሰላጣ በለጠፍኩ ቁጥር «ቀይ ስሩን ስንት ደቂቃ እንቀቅለው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። መልሴ አንድ ነው፦ አትቀቅሉት፣ ጥበሱት። ምክንያቱን ግን ላስረዳ፤ ምክንያቱ የገባው ሰው ኦቨን ባይኖረውም መላ አያጣም።

ቀይ ስር ተቀቅሎ ሲወጣ ድስቱ ውስጥ የሚቀረውን ውሃ አይታችሁታል? ጥቁር ቀይ ነው። ቀለሙ በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ፣ ልጣጩ የተነሳ ወይም ጭራው የተቆረጠ እንደሆነ በዚያው በኩል ይወጣል። ብቻውንም አይወጣም፤ ስኳሩም፣ ፎሌት የሚባለው ቫይታሚንም አብረውት ይሄዳሉ። ውሃውን እንደፋና የቀረውን እንበላለን። መቀቀል የግድ ከሆነባችሁ ቢያንስ ሳትልጡና ጭራውን ሳትነኩ ቀቅሉት።

ያ ስኳር እንዲህ በቀላሉ የሚደፋ አይደለም። 100 ግራም ጥሬ ቀይ ስር ውስጥ ወደ 7 ግራም የሚጠጋ ስኳር አለ፤ ለአትክልት ብዙ ነው። አውሮፓ ውስጥ ስኳር የሚመረትበት ነጭ ስርም ከእሱ ጋር አንድ ዝርያ ነው፤ አንድሬያስ ማርግራፍ የተባለ የበርሊን ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1747 ነበር ከዚህ ስር ስኳር ማውጣት እንደሚቻል ያሳየው። ገበያ ላይ የምንገዛው ቆስጣም ዝርያው ያው ነው። ስለዚህ የቀይ ስሩን ቅጠል እባካችሁ አትጣሉት። ካልጠወለገ እንደ ቆስጣ ከትፋችሁ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት አብስሉት፤ በጣም ይጣፍጣል።

አሁን ወደ ጥብሱ። ስትገዙ መካከለኛ፣ ጠንካራ፣ ጭራው ያልተቆረጠውን ምረጡ። ትልልቁ ለመብሰል ያስቸግራል፣ መሐሉም እንጨት እንጨት ይላል። ቅጠሉን ሁለት ጣት ያህል አገዳ አስቀርታችሁ ቁረጡ። አፈሩን በደንብ እጠቡ፣ አትላጡ። ዘይትና ጨው ቀብታችሁ እያንዳንዱን በፎይል ጠቅልሉና 200 ዲግሪ የጋለ ኦቨን ውስጥ ክተቱ። መካከለኛው ከ50 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈልጋል፣ ተለቅ ያለው ከዚያም በላይ። ሰዓቱን ብቻ አትመኑ፤ የቢላ ጫፍ ሰክታችሁ ሞክሩት፣ ሳይታገል እስከ መሐሉ ከገባ በስሏል።

ፎይሉን ስትፈቱት ልጣጩ ተጨማዶ፣ ጭራው ደርቆ፣ ከሥሩ ማር መሰል ጥቂት ፈሳሽ ጠብ ብሎ ታገኛላችሁ። ያንን አትድፉት፣ ሰላጣው ላይ ጨምሩት። ትንሽ በረድ ሲል ልጣጩን በአውራ ጣታችሁ ገፋ አድርጉት፤ ያለ ቢላ ተንሸራቶ ይወጣል። እጃችሁ እንዳይቀላ ፌስታል አጥልቁ።

ብዙ ሰው ቀይ ስር የማይወደው «አፈር አፈር ይላል» ብሎ ነው። እውነቱን ነው። ጂኦስሚን የሚባል ነገር አለው፤ ደረቅ መሬት ላይ ዝናብ ሲወርድ የሚሸተን ራሱ ነው። ይህ ሽታ ልጣጩ አካባቢ ይበዛል፣ አሲድ ደግሞ ይሰብረዋል። ስለዚህ ልጣጩ ከተነሳ በኋላ ገና ለብ እንዳለ ሎሚ ጨምቁበት። ሎሚው ቀለሙንም ደማቅ አድርጎ ያቆየዋል። ከዚያ ዘይት፣ ጨው፣ በስሱ የተከተፈ ሽንኩርትና ቃሪያ። እኔ ከዚህ ሌላ ምንም አልጨምርበትም። ከድንች ጋር የምትወዱ ደግሞ ድንቹን ለብቻው ቀቅላችሁ ቀይ ስሩን ማዕድ ሊቀርብ ሲል አዋህዱት፤ ቀድማችሁ ካደባለቃችሁት ድንቹም ይቀላል፣ የሁለቱ መልክ አይለይም።

ኦቨን የሌላችሁ፣ ከሰል ካለ ጥሩ ነው። እንዲያውም ለእኔ ከኦቨኑ የሚበልጠው እሱ ነው። በፎይል ደረብ አድርጋችሁ ጠቅልሉና ቡና ከተፈላ በኋላ የሚቀረው ረመጥ ውስጥ፣ ስኳር ድንች እንደምንጠብሰው ቅበሩት። እያገላበጣችሁ፣ ረመጡ ሲከስም ፍም እየጨመራችሁ አቆዩት። ከሰልም ከሌለ ወፍራም ብረት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ፣ ከድናችሁ፣ በጣም ቀዝቀዝ ባለ እሳት ላይ አስቀምጡት፤ ይዘገያል እንጂ ይበስላል። የእንጀራ ምጣድ ላይ ግን አደራ፣ እንዳትሞክሩት። የሚወጣው ስኳር ምጣዱ ላይ ይይዝና በኋላ እንጀራው አልነሳ ይላችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በተለይ ነፍሰ ጡር እህቶች ስለምትጠይቁኝ። ቀይ ስር ቀይ ስለሆነ ብቻ ደም ይጨምራል የሚባለው ትክክል አይደለም። በ100 ግራም ውስጥ ያለው ብረት 1 ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም፤ ቀለሙም ከደም ጋር አይገናኝም። ጥሩ የሚያሰኘው ፎሌቱ ነው፤ ሰውነት አዲስ የደም ሴል ለመሥራት ይፈልገዋል። ሆኖም ሐኪም የብረት እንክብል ያዘዘላችሁ በቀይ ስር አትተኩት፤ እንክብሉን ውሰዱ፣ ቀይ ስሩን ለጣዕሙና ለፎሌቱ ብሉት። በማግስቱ ሽንት ቢቀላም አትደንግጡ፤ አንዳንድ ሰው ላይ ቀለሙ ሳይፈጭ ያልፋል። ቀይ ስር ሳትበሉ ቀልቶ ካያችሁ ግን ቶሎ ሐኪም ጋ ሂዱ።

የተረፈውን ሳትቆርጡ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፤ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ረመጥ ላይ የምትሞክሩት ስንት ሰዓት እንደወሰደባችሁ ጻፉልኝ፤ የከሰሉ ዓይነትና የስሩ መጠን ስለሚለያይ የሌሎቻችሁም ልምድ ይጠቅማል።