የጋራ ተመስጦ መሪ ምን ይሠራል?

በመጀመሪያው ቀን መሪዋ በክብ ወደተቀመጡት ሰዎች እየዞረች በእያንዳንዱ መዳፍ ላይ አንድ ሁለት የዘቢብ ፍሬ ታስቀምጣለች። ወዲያው አፍ ውስጥ መጣል የለም። ሁሉም ዘቢብ አይቶ እንደማያውቅ ሰው ሽብሽቡንና ብርሃን ሲያርፍበት የሚለወጠውን ቀለሙን ያያል። ከዚያ በጣት ያገላብጠዋል፣ ያሸተዋል፣ ወደ ጆሮው ሳይቀር አስጠግቶ ይጨምቀዋል። ምላስ ላይ ካረፈም በኋላ ወዲያው አይታኘክም። አንዱ ሳቁን መቆጣጠር ያቅተዋል፤ ሌላዋ «ለዚህ ነው ከሥራ አስፈቅጄ የመጣሁት?» ብላ በሆዷ ታጉረመርማለች። መሪዋ ሁለቱንም ጠብቃ ስለነበር አትደነግጥም። ልምምዱ ሲያበቃ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ምን አስተዋላችሁ?» የሚል ነው፤ ሳቁና ማጉረምረሙም መልስ ሆነው ይቆጠራሉ።

የዘቢቡ ልምምድ የታወቀው በጆን ካባት-ዚን ኮርስ ነው። ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1971 በሞለኪውላር ባዮሎጂ ከኤምአይቲ ዶክትሬታቸውን ያገኙ፣ በኖቤል ተሸላሚው ሳልቫዶር ሉሪያ ሥር የተማሩ ሳይንቲስት ናቸው። ከላቦራቶሪ ሥራቸው ጎን ለጎን የቡድሂስት ተመስጦ ይለማመዱ ነበር። በ1979 በአሜሪካ ዉስተር ከተማ፣ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል አንድ ክሊኒክ ከፈቱ። ወደዚያ የሚላኩት መድኃኒቱም ቀዶ ጥገናውም ያላዳናቸው፣ ሥር በሰደደ ሕመም የሚሠቃዩ ሰዎች ነበሩ። ካባት-ዚን ተመስጦውን ከሃይማኖታዊ ሥርዓቱ አላቀው የሆስፒታል ኮርስ አደረጉት። በ1982 ያሳተሙት ጥናት 51 ሕመምተኞችን የተከታተለ ሲሆን፣ ከእነዚህ 65 በመቶዎቹ የሕመም መለኪያቸው ቢያንስ በሲሶ ቀንሶ ተገኝቷል። ጥናቱ ኮርሱን ካልወሰዱ ሰዎች ጋር ማነጻጸሪያ አልነበረውም፤ ሆኖም ሐኪሞች ጆሮ እንዲሰጡት በቂ ሆኗል።

ያኔ አሥር ሳምንት የነበረው ኮርስ በኋላ ስምንት ሆኗል። በሳምንት አንድ ጊዜ ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል መገናኘት፣ ቤት ውስጥ በሳምንት ስድስት ቀን 45 ደቂቃ መለማመድ፣ ወደ ማብቂያው ደግሞ አንድ ሙሉ ቀን በዝምታ መዋል ነው። ዛሬ በየአገሩ ተመስጦ የሚመሩ ብዙ ባለሙያዎች ሙያውን የተማሩት ከዚህ ኮርስ ወይም ከእርሱ ከወጡ ሌሎች ኮርሶች ነው። ስለዚህ የመሪውን ሥራ በዚሁ በኩል ማየት ይቀላል።

ብዙ ሰው የተመስጦ መሪ ሲባል ትዝ የሚለው ለስላሳ ድምፅ ነው። ድምፅ ይጠቅማል፤ ግን እንደማር የሚንጠባጠብ ድምፅ መሪውን የሚጎዳበት ጊዜ ይበዛል። በድምፁ የሚያስተኛ መሪ ሥራውን የተወጣ ይመስላል እንጂ የሚፈለገው ነቅቶ ማስተዋል ነበር። ኮርሱን የሚያሠለጥኑ ሰዎች ተማሪዎቻቸውን በተለመደው የንግግር ድምፃቸው እንዲመሩ የሚያስተምሩትም ለዚህ ነው። «ዘና በሉ» የሚለው ትእዛዝም አይመከርም። ዘና ማለት የቤት ሥራ ከሆነ፣ ያልቻለው ሰው ከሕመሙ ላይ ሽንፈት ይደርብበታል። የመሪው ንግግር ወደ ግብዣ ያደላል፦ «ከተመቻችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ ካልተመቻችሁ ወለሉ ላይ አንድ ቦታ አሳርፉት።»

የችሎታው ትልቁ ፈተና የሰውነት ቅኝት የሚባለው ልምምድ ነው። ሰዎቹ በጀርባቸው ይተኛሉ፤ መሪዋ ትኩረታቸውን ከግራ እግር ጣቶች አስነስታ፣ በእግሩ በኩል አውጥታ፣ ወደ ቀኝ እግር አሻግራ፣ ዳሌን፣ ሆድን፣ ጀርባን፣ እጆችን፣ ፊትን አዳርሳ እስከ አናት ትወስደዋለች። ይህ 45 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከፈጠነች ሰዎቹ እግር ላይ ሳይደርሱ እሷ ጉልበት ላይ ነች። ከዘገየች ግማሹ አስቤዛ ሲያስብ ግማሹ ያንኮራፋል። ለሚያንኮራፋውም ዘዴ አለ፦ ስሙን ጠርታ አታሳፍረውም፤ ድምጿን ጥቂት ከፍ ታደርግና ለሁሉም «እንቅልፍ የመጣበት ዓይኑን ሊገልጥ ይችላል» ትላለች። «ጣቶቹ ላይ ምንም አይሰማኝም» ለሚል ሰው ደግሞ አለመሰማቱም የሚስተዋል ነገር መሆኑን አስቀድማ ትናገራለች። አለዚያ ሰውየው ቀሪውን ግማሽ ሰዓት የጠፋ ስሜት ሲፈልግ ያሳልፈዋል።

ጊዜውን በምን ትለካዋለች? በራሷ ሰውነት። መሪው እየመራ አብሮ መለማመድ አለበት የሚለው የሙያው ጽኑ ደንብ ነው። «አሁን ወደ ቁርጭምጭሚት» ከማለቷ በፊት የራሷ ትኩረት እዚያ ደርሷል። ከወረቀት የሚያነብ መሪ ወዲያው ይታወቃል፤ በዓረፍተ ነገሮቹ መካከል ያለው ዝምታ ሁሉ እኩል ነው። ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ተመስጣ ክፍሉን መርሳትም አትችልም፤ ቡና አፍልታ እንግዳ የምታጫውት ሴት ጆሮዋ ወሬው ላይ፣ ዓይኗ ጀበናው ላይ እንደሚሆነው ነው። ማን እንደሚቁነጠነጥ፣ የማን ትንፋሽ እንደተቆራረጠ፣ በማን ጉንጭ ላይ እንባ እንደወረደ ታያለች። ለሳምንታት ከተለማመዱ በኋላ ከሰዎቹ ጋር የሚያድገው ደግሞ የዝምታው ርዝመት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በየጥቂት ሰከንዱ ይሰማ የነበረው ድምፅ እያደር ይሳሳል፤ ሰዎቹ በራሳቸው መቆም ሲጀምሩ የመሪው ቃል ማነስ አለበት።

ልምምዱን የሚዘጋው ደወል ከተመታ በኋላ ያለው ክፍል ለተመልካች ተራ ጭውውት ይመስላል። በባለሙያዎቹ ዘንድ ግን ከመምራቱም የከበደ ነው። አንዲት ተሳታፊ «አልሆነልኝም፤ ሐሳቤ እየባከነ አስቸገረኝ» ትላለች። የጀማሪ መሪ ምላስ ወደ ማጽናናት ይሮጣል፤ «አይዞሽ፣ ይለመዳል» ይላል። የበሰለው ይጠይቃል፦ መባከኑን መቼ አወቅሽው? ስታውቂው ሰውነትሽ ላይ ምን ነበር? ከዚያስ ምን አደረግሽ? ሴትዮዋ መልሷን ስትፈልግ፣ ሐሳቧ በሄደ ቁጥር ራሷን እንደምትቆጣ፣ ከመባከኑም ይበልጥ ያደከማት ቁጣው እንደሆነ ልትደርስበት ትችላለች። ሌሎቹም ሲሰሙ የየራሳቸውን ያዩበታል። በቡድን መቀመጥ የሚያተርፈው ዋናው ነገር ይህ ይመስላል።

የሚያሰጋ ጎንም አለው። ዓይንን ጨፍኖ ወደ ሰውነት መመለስ ለሁሉም ሰላም አይደለም። ጥቃት ለደረሰበት ወይም ከጦርነት ለተረፈ ሰው የራሱ ትንፋሽ ድንጋጤን ሊቀሰቅስ ይችላል። በብራውን ዩኒቨርሲቲ ዊሎቢ ብሪተንና ባልደረቦቻቸው ከተመስጦ ጋር የመጡ ፍርሃቶችን፣ እንቅልፍ ማጣትንና ከራስ የመለየት ስሜትን ሲመዘግቡ ቆይተዋል። ዴቪድ ትሬሌቨን በ2018 ባሳተሙት መጽሐፍ መሪዎች ይህን እንዴት እንደሚያዩትና እንደሚይዙት ጽፈዋል። ስለዚህ ጥሩ መሪ ከኮርሱ በፊት እያንዳንዱን ሰው ለብቻው ያነጋግራል። ትንፋሽ ላልተስማማው እግሩ ወለል ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ወይም ከውጭ የሚመጣውን ድምፅ ይሰጠዋል፤ ተነስቶ መውጣትም እንደሚቻል ለሁሉም ይነግራል። ይህን የማይጠይቅና የማይናገር መሪ ድምፁ የቱንም ያህል ቢያምር ባይመራ ይሻላል።

መሪ በአካል ሳይገኝ መምራት ይችላል? ይህን ከሁሉ በሰፊው የሞከሩት ሳትያ ናራያን ጎኤንካ ናቸው። በ1924 ማንዳላይ፣ በርማ የተወለዱት ነጋዴ ከመምህራቸው ኡ ባ ኪን ተመስጦ ተምረው በ1969 በሕንድ ማስተማር ጀመሩ። ተማሪው ሲበዛ መመሪያቸውንና የማታ ንግግራቸውን አስቀረጹ። በ2013 ቢያርፉም፣ ዛሬም በየአህጉሩ በሚሰጡት የአሥር ቀን ኮርሶች የሚሰማው የእርሳቸው ድምፅ ነው። ተሳታፊው ከንጋቱ አሥር ሰዓት ይነሳል፣ በቀን አሥር ሰዓት ያህል ይቀመጣል፣ ከጓደኛው ጋር አይነጋገርም፣ ክፍያም የለበትም። ረዳት መምህሩ ቅጂውን ይከፍታል፣ በተመደበ ሰዓት የግል ጥያቄ ይቀበላል። በ1994 በዴልሂው ቲሃር እስር ቤት፣ ኪራን ቤዲ ኃላፊ በነበሩበት ጊዜ፣ ከአንድ ሺህ በላይ እስረኞች በአንድ ኮርስ ተቀምጠዋል። የዚህ መንገድ ጥቅሙ ትምህርቱ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ አለመለወጡ ነው። የተቀረጸ ድምፅ ግን በክፍሉ ውስጥ ማን እያለቀሰ እንደሆነ አያይም፤ ያንን ማየት የረዳቱ ሥራ ሆኖ ይቀራል።

ካባት-ዚን ከከፈቱት መንገድ የወጣ ሌላ ኮርስ ደግሞ በተደጋጋሚ ለሚያገረሽ ድብርት በዚንደል ሲጋል፣ በማርክ ዊሊያምስና በጆን ቲስዴል ተዘጋጅቷል። የብሪታንያው የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በ2004 መመሪያው ውስጥ አካቶታል። በጭንቀት ሕመም ላይ ደግሞ 276 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2022 መጨረሻ የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ የካባት-ዚን የስምንት ሳምንት ኮርስ ኤሲታሎፕራም ከተባለው መድኃኒት እንዳላነሰ አሳይቷል። እንዲህ ያለ ውጤት ሲመጣ «ማነው የመራው?» የሚለው ጥያቄ ይከተላል፤ የመድኃኒት መጠን በሚሊግራም ይለካል፣ የመሪ ችሎታ በምን ይለካል? የባንጎር፣ የኤክሰተርና የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ መለኪያ አውጥተዋል። የመሪው ክፍለ ጊዜ በቪዲዮ ይቀረጽና በስድስት መስኮች ይመዘናል። ልምምድን መምራት ከስድስቱ አንዱ ብቻ ነው። ከሰው ጋር ያለ ግንኙነት፣ ቡድኑን መያዝ፣ የሰዓት አጠቃቀም፣ ከልምምድ በኋላ ያለው መጠያየቅ፣ መሪው የሚያስተምረውን ራሱ መኖሩ ሌሎቹ ናቸው። ውጤቱ ከታች ያልበቃ፣ ከላይ ደግሞ የላቀ እያለ በስድስት ደረጃ ይወጣል።

በ2020 ኮሮና ሁሉንም ወደ ስክሪን ሲያስገባ መሪዎቹ አዳዲስ ጣጣዎች ገጠሟቸው። የቪዲዮ ስብሰባ ሶፍትዌሮች ጫጫታ ለማፈን የተሠሩ ስለሆኑ የደወሉን ረጅም ድምፅ እንደ ጫጫታ ቆጥረው ይቆርጡት ነበር፤ ቅንብሩን መለወጥ አንዱ የመሪነት ትምህርት ሆነ። ካሜራውን አጥፍቶ የተኛውን ሰው ደግሞ ማየት አይቻልም። ስለዚህ በኢንተርኔት የሚመሩ ጥንቁቅ መሪዎች ኮርሱ ሳይጀመር የእያንዳንዱን ተሳታፊ ስልክ፣ ያለበትን አድራሻና ቢቸገር የሚደወልለትን የቅርብ ሰው ቁጥር ይመዘግባሉ፤ ሌላ ረዳት መሪም አብሮ ገብቶ ስክሪኑን ይጠብቃል።