ደረስጌ ማርያም

ደረስጌ ማርያም በሰሜን ጎንደር፣ በጃናሞራ ወረዳ የምትገኝ ታሪካዊ ቤተ ክርስቲያን ናት። ያሠሯት የሰሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሲሆኑ፣ ሐሳባቸውም በእርሷ ሊነግሡ ነበር። በግንባታው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ዊልሄልም ሺምፐር ተሳትፏል። ቤተ ክርስቲያኗ ክብ ስትሆን፣ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ባሉት ሥዕሎቿ ትታወቃለች።

== ታሪክ ==
ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በ1845 ዓ.ም. ራስ ዓሊን አይሻል ላይ ድል ካደረጉ በኋላ የቀሯቸው ብርቱ ተቀናቃኝ ውቤ ነበሩ። የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ተዋግተው ማረኳቸው። ከሁለት ቀን በኋላም ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሯት ቤተ ክርስቲያን፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው «ዳግማዊ ቴዎድሮስ» ተብለው ነገሡ። በዚህም ቦታው የዘመነ መሳፍንት ማብቂያ ሆኖ ይታያል።

== የእግር ጉዞ ==
ከጎንደር የሚነሣ መንገደኛ ዳባትን አልፎ ደባርቅ ይደርሳል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት በከተማዋ ስለሚገኝ፣ የመግቢያ ክፍያ የሚከፈለውና አጃቢ ጠባቂ የሚያዘው እዚያው ነው። ከዚያ መንገዱ በሳንቃ በርና በጨነቅ አድርጎ፣ በቧሂት ተራራ በኩል ተሻግሮ ወደ ጃናሞራ ይወርዳል። በእግር ለሚሄድ የብዙ ቀን ጉዞ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ሲገባ ጫማ ይወለቃል።